የሳንባ ምች ለተጠረጠረበት ውርንጭላ የደም ምርመራ፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ውጤት አነባበብ

ደሙ ተመርምሮ እያለ ተገቢውን ሕክምና ሳያገኝ የሚቀር ወይም የማያስፈልገውን መድኃኒት የሚወስድ ውርንጭላ ብዙ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪው መሣሪያ አይደለም። ወይ ናሙናው ገና ከጋጣው ሳይወጣ ተበላሽቷል፣ ወይ ከውጤቱ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተነጥሎ ተነብቧል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ለመከላከል የተጻፈ ነው። የተዘጋጀው ለእንስሳት ሐኪሞች፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ከእነርሱ ጋር ለሚሠሩ ፈረስ አርቢዎች ነው። መርፌውን መያዝ ያለበት ግን የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። የደም ምርመራ በሰውነት ውስጥ ብግነት (ሰውነት ለኢንፌክሽን ወይም ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ) መኖሩንና ክብደቱን ይነግራችኋል። ብግነቱ ሳንባ ላይ ይሁን እትብት ላይ፣ ያመጣውም የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩት ተመልከቱት

1. ውርንጭላው ሳይረበሽ ከሩቅ ሆናችሁ አተነፋፈሱን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ዕድሜው ከአንድ ሳምንት ያለፈ ጤነኛ ውርንጭላ በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ሮጦ ከመጣ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆየ ቁጥሩ አይታመንም፤ ጥላ ውስጥ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

2. አፍንጫው ይሰፋ እንደሆነ፣ ሲተነፍስ ሆዱ እየተጎተተ ይገፋ እንደሆነ እዩ።

3. የባዝራዋን ጡት ተመልከቱ። በወተት ተወጥሮ ከተገኘ ውርንጭላው መጥባት ቀንሷል። ብዙ ጊዜ ከሳል በፊት የሚታየው ምልክት ይህ ነው።

4. ዕድሜውን በቀን ቆጥራችሁ ጻፉ። እስካሁን የተሰጠውን መድኃኒት፣ ክትባት ወይም ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ከነቀኑ መዝግቡ። በቅርብ ቀናት የተሰጠ ክትባት ብቻውን የብግነት መለኪያዎችን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

5. ትኩሳቱን ደም ከቀዳችሁ በኋላ ለኩ። አስቀድማችሁ ብትለኩት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ውርንጭላ ደም ደግሞ ያሳስታል። ከ38.9 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ በዕረፍት ላይ እያለ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ድዱ የገረጣ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ውርንጭላ የደም ውጤት አይጠብቅም። ሐኪም ወዲያውኑ ይድረስለት፤ ናሙናው ከሕክምናው ጎን ለጎን ይወሰድ።

ዕድሜን አታቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚከሰት የሳንባ ምች ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ ከተሰራጨ ኢንፌክሽን የሚመጣ ነው፤ እንደ ኢሸሪሺያ ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠረጠራሉ። ከ3 ሳምንት እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ሮዶኮከስ ኢኩዋይ ነው። ይህ ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ከአቧራ ጋር ተስቦ ሳንባ ሲገባ ሊገድለው በሚገባው ተከላካይ ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ይራባል፤ ቀስ እያለም መግል የቋጠሩ እባጮች ይፈጥራል። ውርንጭላው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተይዞ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ጡት በጣሉት ዘንድ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ በብዛት ይገኛል።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን አሰናዱ

ውርንጭላው ከመያዙ በፊት ሁሉም ነገር በእጃችሁ አጠገብ ይሁን።

– ባለ 20 ጌጅ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መርፌና ባለ 10 ወይም 12 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ።
– ባለ ሐምራዊ ክዳን ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ያለበት ቱቦ፤ ለደም ሕዋስ ቆጠራና በሙቀት ዘዴ ለሚለካ ፋይብሪኖጅን (ደምን የሚያረጋ፣ ብግነት ሲኖር የሚጨምር ፕሮቲን)።
– ባለ ቀላል ሰማያዊ ክዳን ሲትሬት ቱቦ፤ ላቦራቶሪው ፋይብሪኖጅንን በደም መርጋት ዘዴ የሚለካ ከሆነ። የትኛውን ዘዴ እንደሚጠቀሙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
– ባለ ቀይ ክዳን ቱቦ፤ ለሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ ለሚለየው ፈሳሽ)። ፋይብሪኖጅን ከሴረም ፈጽሞ አይለካም፤ ደሙ ሲረጋ ያልቃልና።
– ሁለት ንጹሕ የመስታወት ስላይዶች፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ጓንት፣ የበረዶ ሣጥን።
– የደም ካልቸር (ባክቴሪያን ከደም አሳድጎ መለየት) ካስፈለገ የካልቸር ጠርሙሶች፣ የፀጉር መላጫ፣ ክሎረሄክሲዲን፣ ንጽሕናው የተጠበቀ ጓንትና ትርፍ መርፌ።

በቱቦዎቹ ላይ የውርንጭላውን መለያ፣ ቀንና ሰዓት አሁኑኑ ጻፉ። በአንድ ቀን ብዙ ውርንጭላ ሲመረመር ቱቦ መቀያየር የሚጀምረው «በኋላ እጽፈዋለሁ» ከሚለው ነው።

ደረጃ 3፦ ሳታሳድዱ ያዙ

ውርንጭላ ሲደነግጥ በሚረጨው አድሬናሊን ምክንያት ከደም ሥር ግድግዳ ተጣብቀው የነበሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ዝውውር ይገባሉ። ጣፊያውም ተኮማትሮ ቀይ ሕዋሳትን ይለቃል። ቆጠራው በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ስለሚል ጤነኛው ታማሚ ይመስላል። ሜዳ ላይ አሳዶ የተያዘ ውርንጭላ ደም መቅዳት ድካም ብቻ ነው።

1. ባዝራዋን ከውርንጭላው ጋር ወደ ጋጣ አስገቡ። አንድ ሰው ባዝራዋን ይያዝ፤ ውርንጭላዋን እያየች እንድትቆም ያድርግ።

2. ሁለተኛው ሰው አንድ ክንዱን በውርንጭላው ደረት ፊት፣ ሌላውን ከኋላው በታፋው ዙሪያ አድርጎ ጎኑን ወደ ግድግዳ ያስጠጋው። አንገቱን አይጎትት፤ ደረቱንም አይጨፍልቅ።

3. ለመተንፈስ የሚቸገረውን ውርንጭላ አታስተኙት። ቆሞ ይቀዳ። አተነፋፈሱ ከተባባሰ ልቀቁት፣ አረጋጉት፤ ከዚያ በኋላ ሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ደም ቅዱ

1. በአንገቱ ጎን ያለውን ደም መልስ ሥር በአውራ ጣታችሁ ከታች ተጭናችሁ እስኪሞላ ጠብቁ። የአንገቱን የላይኛውን ወይም የመካከለኛውን ሲሶ ተጠቀሙ። በታችኛው ሲሶ ደም ቅዳው ሥር ቅርብ ስለሆነ አትውጉ።

2. ቆዳውን በአልኮል ጥረጉ፤ እስኪደርቅም ጠብቁ። እርጥብ አልኮል ወደ ናሙናው ገብቶ ቀይ ሕዋሳትን ያፈርሳል። ለካልቸር ከሆነ አልኮል ብቻውን አይበቃም፤ ፀጉሩን ላጩ፣ በክሎረሄክሲዲን ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ቦታውን ባልጸዳ እጅ ዳግመኛ አትንኩ።

3. መርፌውን በቀስታ አስገቡ፤ ስሪንጁን ሳትቸኩሉ ሳቡ። አጥብቆ መሳብ ሥሩን ያጣብቃል፣ ሕዋሳቱንም ይሰብራል። ለተለመደው ምርመራ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል።

4. መርፌውን ካወጣችሁ በኋላ ቦታውን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ተጫኑ።

ደማቅ ቀይ ደም በራሱ ግፊት እየዘለለ ከገባ ደም ቅዳውን ወግታችኋል። ወዲያውኑ አውጡ፤ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ አጥብቃችሁ ተጫኑ። እብጠት አለመፈጠሩን ሳታረጋግጡ አትልቀቁት። ቀጣዩን ሙከራ በሌላው ጎን አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ወደ ቱቦ አከፋፍሉ

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በመጀመሪያ የካልቸር ጠርሙስ በአዲስ መርፌ፣ ቀጥሎ ሲትሬት፣ ከዚያ ቀዩ፣ በመጨረሻ ኢዲቲኤ። ኢዲቲኤ ወደ ቀዩ ቱቦ ጠብታ ከገባ ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ፣ ካልሲየምን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል።

1. ሲትሬቱን እስከ ምልክቱ ድረስ ሙሉ። 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ካልሆነ ውጤቱ ይሳሳታል።

2. ደሙን በመርፌው በኩል በኃይል አትግፉ። ቱቦው በራሱ ይሳበው፤ ወይም መርፌውን ነቅላችሁ በቱቦው ግድግዳ ላይ አፍስሱ።

3. ኢዲቲኤውንና ሲትሬቱን ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጡ። አትናጡ። ቀዩን ቱቦ አቁማችሁ ተዉት።

4. ከኢዲቲኤው ላይ ሁለት ስስ የደም ቅቦች እዚያው ሥሩ፤ በአየር አድርቁ። ደሙ ሲቆይ ነጭ ሕዋሳት መልካቸውን ስለሚለውጡ የበሽታ ለውጥ ይመስላሉ። ስላይዶቹን ፎርማሊን ባለበት ሣጥን ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡ፤ ትነቱ ቀለም እንዳይዙ ያደርጋቸዋል።

ደረጃ 6፦ ናሙናውን ጠብቁ

ኢዲቲኤውን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆዩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ይመርመር። በረዶ ሆኖ እንዲጠጥር ግን አታድርጉት፤ ከጠጠረ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። በበረዶውና በቱቦው መካከል ጨርቅ አድርጉ። ቀዩን ቱቦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አርግታችሁ በሴንትሪፊውጅ ለዩ፤ ሴረሙን ወደ ሌላ ቱቦ ቅዱ። የካልቸር ጠርሙስ ግን በረዶ ውስጥ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት ይጓዛል።

የፈረስ ቀይ ሕዋሳት በፍጥነት ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ስለዚህ ቱቦው ቆጠራ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንደገና በሚገባ ተገልብጦ መደባለቅ አለበት። ይህን በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ የሰው ደም ብቻ የለመደ ባለሙያ ላያውቀው ይችላል። የፈረስ ፕላዝማ በተፈጥሮው ቢጫ መሆኑንም አስታውሱ፤ ብቻውን የጉበት በሽታ ምልክት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ፋይብሪኖጅንን በሙቀት ዘዴ ለኩ

ትልቅ ላቦራቶሪ በሌለበት ከሁሉ የሚጠቅመው ምርመራ ይህ ነው። የሚያስፈልገው ትንሽ ሴንትሪፊውጅ፣ ሬፍራክቶሜትር (በብርሃን ስብራት ፕሮቲንን የሚለካ መሣሪያ)፣ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎችና የሙቅ ውኃ ገንዳ ነው።

1. ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችን በኢዲቲኤ ደም ሙሉ፤ ጫፋቸውን ድፈኑ፤ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሩ።

2. የአንደኛውን ቱቦ ፕላዝማ በሬፍራክቶሜትር ላይ አድርጋችሁ ጠቅላላ ፕሮቲኑን አንብቡ። መስታወቱን ስትሰብሩ ጓንት አድርጉ።

3. ሁለተኛውን ቱቦ ከ56 እስከ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውኃ ውስጥ ለ3 ደቂቃ አስገቡ። የፕላዝማው ክፍል በሙሉ መስጠም አለበት።

4. እንደገና አሽከርክሩት። የረጋው ፋይብሪኖጅን ከነጭ ሕዋሳቱ ንብርብር በላይ እንደ ነጭ ቀለበት ይዘቅጣል።

5. ከነጩ ንብርብር በላይ ሰብራችሁ የቀረውን ፕላዝማ አንብቡ።

6. ሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው ቀንሱ። የመጀመሪያው 7.2፣ ሁለተኛው 6.6 ግራም በዴሲሊትር ከሆነ ልዩነቱ 0.6 ነው፤ ማለትም 600 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር።

ልዩነቱ ዜሮ ከመጣ ውኃውን በታመነ ቴርሞሜትር ፈትሹ፤ ከ56 በታች ከሆነ ፋይብሪኖጅኑ አይረጋም። ውኃው ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ ሌሎች ፕሮቲኖች አብረው ረግተው ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። ፕላዝማው ከቀላ ቀይ ሕዋስ ፈርሷል፤ ሬፍራክቶሜትሩ ስለሚሳሳት ናሙናውን ድገሙ። ዘዴው ሻካራ ነው፤ የ100 ሚሊ ግራም ልዩነትን እንደ ለውጥ አትቁጠሩ። በአንድ ውርንጭላ ክትትል ውስጥም የሙቀቱንና የመርጋቱን ዘዴ አታቀላቅሉ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን አንብቡ

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። 13 ሲባዛ 10 ራስ 9 በሊትር ማለት 13,000 በማይክሮሊትር ነው። 4 ግራም በሊትር ፋይብሪኖጅን ደግሞ 400 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር ነው። ላቦራቶሪው ለውርንጭላ የሚጠቀምበት የራሱ ወሰን ካለው ቅድሚያ ስጡት፤ የትልቅ ፈረስ ወሰን ግን አትቀበሉ።

ነጭ የደም ሕዋሳት፦ በሮዶኮከስ ቁጥጥር ሥራ 13,000 በማይክሮሊትር የመጀመሪያው የማንቂያ መስመር ነው። ታማሚዎቹን አብዛኛውን ይይዛል፤ ነገር ግን ብዙ ጤነኞችንም አብሮ ይጠራል። ከ15,000 በላይ ሲሆን ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ በዚህ መስመር ብቻ የሚሄድ ሰው ግን የሚያመልጡት ታማሚዎች አሉ። በመካከል ያለውን ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድገሙ፤ አልትራሳውንድም አንሡ።

ዝርዝር ቆጠራ፦ ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት የነጭ ሕዋስ ዓይነቶች ናቸው፤ የጨመሩት ኒውትሮፊሎች ብቻ ናቸው ወይስ ሊምፎሳይቶችም አብረው? ሁለቱም ከፍ ብለው ውርንጭላው ሲያዝ ታግሎ ከነበረ ድንጋጤን ጠርጥሩ። ስላይዱ ላይ ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎች ወይም በሕዋሱ ውስጥ ሰማያዊነትና አረፋ መሳይ መርዛማ ለውጥ ከታየ ድንጋጤ ሊያመጣው አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ ከባድ ኢንፌክሽን አለ። ማሽኑ ይህን አያይም፤ ስላይዱን ሰው ማየት አለበት።

ፋይብሪኖጅን፦ እስከ 400 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር የተለመደ ነው። ከ400 እስከ 600 አጠራጣሪ፣ ከ600 በላይ ደግሞ ለከባድ ብግነት ጠንካራ ማስረጃ ነው። ለመጨመር አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ለመውረድም ይዘገያል። ስለዚህ ትናንት የታመመ ውርንጭላ ዛሬ መደበኛ ፋይብሪኖጅን ቢኖረው አትጽናኑ።

ሴረም አሚሎይድ ኤ (ሌላው የብግነት ፕሮቲን)፦ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ብግነቱ ሲያቆምም በፍጥነት ይወርዳል። ለድንገተኛ ኢንፌክሽን ጥሩ ነው። ለሮዶኮከስ ግን አትመኩበት፤ እባጭ ያላቸው ውርንጭሎች ዝቅተኛ ውጤት የሚያሳዩበት ጊዜ አለ።

ፕሌትሌት (ደም ለማርጋት የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት)፦ ሥር በሰደደ የመግል እባጭ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። በጣም ዝቅ ብሎ ከመጣ ስላይዱ ላይ መጓጎሉን እዩ፤ በኢዲቲኤ ውስጥ መጓጎል የተለመደ ነው።

የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ፦ ለሮዶኮከስ ገንዘብ አታውጡበት። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ስላለ ጤነኞችም ተጋልጠዋል፤ ከእናት በእንገር የተላለፈና በፕላዝማ የተሰጠም ውጤቱን ያዛባል። አዎንታዊም ሆነ አሉታዊ ውጤት ውሳኔያችሁን መቀየር የለበትም።

ከሁለት ሳምንት በታች ለሆኑት፦ እዚህ አደገኛው ቁጥር ዝቅተኛው ነው። የነጭ ሕዋሳትና የኒውትሮፊል መመናመን በደም ውስጥ የተሰራጨ ኢንፌክሽንን ያመለክታል። በተወለደበት ቀን ፋይብሪኖጅኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ኢንፌክሽኑ በማሕፀን ሳይጀምር አይቀርም። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ዕድሜ ላይ አይጂጂ (ከእናት በእንገር የሚተላለፈው ፀረ እንግዳ አካል) ይለካ። ከ800 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በላይ በቂ ነው፤ ከ400 በታች ከእንገር የሚገኘው መከላከያ አልተላለፈም ማለት ነው። የደም ስኳር ደግሞ ጋጣው አጠገብ ወዲያውኑ ይለካ፤ በቱቦ ሲቆይ ሕዋሳቱ ይበሉታል። የደም ካልቸር ከሁሉ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው፤ አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድ።

ደረጃ 9፦ ከደም ወደ ማረጋገጫ ሂዱ

1. የደረት አልትራሳውንድ አንሡ። በሳንባው ላይኛ ሽፋን አጠገብ ያሉ እባጮች ይታያሉ፤ ጥልቅ የሆኑት ግን በአየር ስለሚሸፈኑ ላይታዩ ይችላሉ። ለእነርሱ ኤክስሬይ ይጠቅማል።

2. ከአየር ቧንቧ በእጥበት ናሙና ውሰዱ። ለካልቸርና ለማይክሮስኮፕ ይላክ፤ ከተቻለ ቫፕኤ የተባለውን የሮዶኮከስ ጂን የሚፈልግ ፒሲአር (የዘረ መል ምርመራ) ይጨመር። በጽኑ የሚያለከልክ ውርንጭላ ላይ ይህ ሂደት አደገኛ ነው፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

3. የአፍንጫ ጥጥና ዓይነ ምድር አትላኩ። ባክቴሪያው በጤነኞችም ይገኛልና አያረጋግጡም። ከአየር ቧንቧ መገኘቱም ቢሆን ትርጉም የሚኖረው ምልክት፣ የሳንባ ለውጥና የብግነት ሕዋሳት አብረው ሲታዩ ነው።

4. ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ደሙ ግን ብግነት ካሳየ እትብቱን፣ መገጣጠሚያዎቹን፣ ሆዱን መርምሩ። ሮዶኮከስ ራሱ ከሳንባ ውጭ፣ በአንጀትና በሆድ ዕቃ ውስጥ እባጭ ሊያበጅ ይችላል።

ነጭ ሕዋስ ስለጨመረ ብቻ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ። ትናንሽ እባጭ ኖሯቸው ምልክት የሌላቸው ብዙ ውርንጭሎች ያለ መድኃኒት ይድናሉ። ሁሉንም ማክሮላይድና ሪፋምፒን በተባሉት አንቲባዮቲኮች ማከም መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን አብዝቷል። በሌላ በኩል ትኩሳት፣ የአተነፋፈስ ችግርና ከፍተኛ ፋይብሪኖጅን የተገናኙበት ውርንጭላ የካልቸር ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ናሙናው ተወስዶ ሕክምናው ይጀመር።

ናሙናውን የሚይዙ ሁሉ ጓንት ያድርጉ። ሮዶኮከስ ሰውን የሚይዘው እምብዛም ቢሆንም፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ከዚህ ሥራ ይራቅ።

ደረጃ 10፦ በሕክምና ጊዜ ድገሙ

በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓትና በአንድ ላቦራቶሪ፣ ነጭ ሕዋሳትንና ፋይብሪኖጅንን ለኩ። ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ከትኩሳቱና ከአተነፋፈሱ ጎን አሰልፉ።

– ትኩሳቱ ወርዶ ፋይብሪኖጅኑ በመጀመሪያው ሳምንት ካልወረደ መድኃኒት ለመቀየር አትቸኩሉ። ውርንጭላው እየጠባና እየተሻለው ከሆነ በሳምንቱ ድገሙ።
– ፋይብሪኖጅኑ ወርዶ የነበረው እንደገና ከወጣ አልትራሳውንድ አንሡ፤ የካልቸር ናሙና ወስዳችሁ ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመዱን አስመርምሩ።
– ማክሮላይድ የሚወስድ ውርንጭላ በሞቃት ቀን ድንገት ትኩሳቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ኢንፌክሽኑ ተመልሷል ብቻ አትበሉ። መድኃኒቱ ላብ ማላቡን ስለሚቀንስ ሰውነቱ ሊግል ይችላል። ወደ ጥላ አስገቡት፣ በውኃ አቀዝቅዙት፣ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ደሙንም ከበረደ በኋላ ቅዱ።
– ምልክቱ ጠፍቶ፣ ነጭ ሕዋሱና ፋይብሪኖጅኑ ወደ መደበኛ ተመልሰው፣ እባጮቹም በአልትራሳውንድ ከስመው ካልታዩ ሕክምናውን አታቋርጡ። ይህ ሳምንታትን ይፈጃል፤ አንዳንዱ ላይ ከሁለት ወር ያልፋል። ካቆማችሁ በኋላም በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ ደሙን ድገሙ።